ከጋሪ እስከ ጎልፍ ካርት፤ የሰፈር መጓጓዣ ታሪክና የማኅበራችን ምርጫ

ስለ ማኅበሩ አመሠራረት፣ ስለ ዕድሩና ስለ ልጆቻችን የአማርኛ ትምህርት ሌሎች አባላት በዚሁ መጽሔት ጽፈዋል። እዚህ ናይሮቢ ሱቅ ከፍተን ለምንኖር ለእኛ ለሦስታችን የደረሰን ርእስ ግን ስለ ጎማ ነው። ጠቅላላ ጉባኤው “ለአረጋውያን አባሎቻችን በሰፈር ውስጥ የምታመላልስ አነስተኛ ተሽከርካሪ ትገዛ፤ የትኛዋ እንደምትሻል አጥንታችሁ አቅርቡ” ብሎ መድቦን ነበር። ጥናቱን ስንጀምር ነገሩ የዋጋ ጉዳይ ብቻ መስሎን ነበር። ወደ ውስጥ ስንገባ ግን ታሪክ ሆኖ አገኘነው። ስለዚህ ታሪኩን አስቀድመን ምርጫችንን እናስከትላለን። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄው ከየት መጣ?

ማኅበራችን ሲቋቋም መሥራቾቹ ጉልበታቸው የጸና ሰዎች ነበሩ። ድንኳኑን ራሳቸው ተሸክመው፣ ወንበሩን በራሳቸው ላይ ደርድረው፣ ልቅሶ ቤት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ደርሰው ያደሩ ናቸው። ዛሬ ስም ሲጠራ “አለሁ” የሚለው የእነሱ ድምፅ እየሳሳ መጥቷል። ሁሉም አላረፉም፤ ብዙዎቹ በሕይወት አሉ፤ እግራቸው ነው እምቢ ያላቸው። አብዛኞቻችን የምንኖርበት፣ ኬንያውያን ኤስቴት የሚሉት የታጠረ ሰፈር፣ ከዋናው በር እስከ መሰብሰቢያ አዳራሹ 900 ሜትር ነው፤ በሜትር ለክተነዋል። ሁለት ሦስተኛው ዳገት ነው። ማታቱ በሩ ላይ አውርዶ ይሄዳል። በቦዳ ቦዳ ደግሞ ሰባ ዓመት ያለፋቸው እናት ነጠላቸውን ሰብስበው፣ አገልግላቸውን ይዘው ከማያውቁት ጎረምሳ ጀርባ ተፈናጠው ዳገት ይውጡ ማለት አይቻልም። ከመሥራቾቻችን አንዷ እናት ስንጠይቃቸው፣ “ልጆቼ፣ እኔ ዕድሩን አልተውኩም፤ ዳገቱ ነው ያስቀረኝ” ብለውናል።

ወሬው እንደ ተሰማ ቀድሞ እዚህ የነበሩና አሁን አትላንታ የሚኖሩ ወዳጆቻችን “ያገለገለች ጎልፍ ካርት ገዝተን በኮንቴይነር እንላክላችሁ” አሉን። ከመካከላችን አንዳንዶቹ “ባጃጅ እያለ ምን ጎልፍ ካርት አስፈለገ?” አሉ። ሌሎቹ ደግሞ “ጎልፍ ካርት የሀብታም መጫወቻ ናት፤ በዕድር ገንዘብ መጫወቻ አይገዛም” ብለው ተቆጡ። ሦስቱም ወገኖች የሚናገሩት የማኅበሩን ጥቅም አስበው ነው። የትኛው ወገን ልክ እንደ ሆነ ለማወቅ ወደ ኋላ መመለስ አስፈልጎናል።

ከእግር ወደ ጎማ

ደብረ ዘይት፣ ናዝሬት፣ አዋሳ ወይም ባሕር ዳር ያደገ ሰው የፈረስ ጋሪን ሳያስታውስ አይቀርም። ከአውቶቡስ ማቆሚያ እስከ ቤት፣ ከገበያ እስከ ወፍጮ ቤት ሰውንም እህሉንም ያመላለሰ ጋሪ ነው። ልብ በሉ፤ ስዋሂሊ ተናጋሪዎቹ ጎረቤቶቻችን መኪናን “ጋሪ” ይሉታል። ስዋሂሊው ቃሉን ከሕንድ ቋንቋ ነው የወሰደው። አዲስ የመጣ ሰው ናይሮቢ አውቶቡስ ተራ ቆሞ “ጋሪ መጣ” ሲባል ፈረስ ቢፈልግ አይፈረድበትም።

ናይሮቢ ራስዋ በ1899 የባቡር ሐዲድ ሠራተኞች ከሞምባሳ ወደ ዩጋንዳ ሲያቀኑ የተከሉት ሰፈር ነበረች። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሀብታሙ በሰው በሚጎተት ሪክሾ ይሄድ ነበር፤ ድሃው በእግሩ። ዕቃ ደግሞ ዛሬም እኛ ባለ ሱቆች በምናውቀው ባለ ሁለት ጎማ የእጅ ጋሪ፣ በምኮኮቴኒ ይገፋል። ከነጻነት በፊትና በኋላ በነበሩት ዓመታት ማታቱ የሚባሉት ትንንሽ መኪኖች ብቅ አሉ። ስማቸው የመጣው “ታቱ” ከሚለው የስዋሂሊ “ሦስት” ነው፤ የጥንት ሒሳባቸው ሦስት ባለ አሥር ሳንቲም ስለ ነበረ። በ1973 ፕሬዚዳንት ጆሞ ኬንያታ ያለ ልዩ ፈቃድ እንዲሠሩ ስለ ፈቀዱላቸው በዙ። በ2004 ደግሞ መንግሥት ቀበቶና የፍጥነት መቆጣጠሪያ እንዲያስገቡ፣ ቢጫ መስመር እንዲቀቡና ከተወሰነው ሰው በላይ እንዳይጭኑ አስገደዳቸው።

ቦዳ ቦዳም እንዲሁ ታሪክ አለው። በ1960ዎቹ በኬንያና በዩጋንዳ ድንበር በቡሲያ፣ በሁለቱ ኬላዎች መካከል ሰውን በብስክሌት የሚያመላልሱ ልጆች “ከድንበር ድንበር” እያሉ በእንግሊዝኛ ሲጠሩ ነው ስሙ የተወለደው። በኋላ ብስክሌቱ በሞተር ተተካ። በ2008 ኬንያ በትንንሽ ሞተር ብስክሌቶች ላይ የነበረውን ቀረጥ ስታነሣ በየመንገዱ ጥግ ተሰለፉ።

በአገራችን በኩል ሐረርንና ድሬዳዋን የሚያውቁ ፔጆ 404ን ያስታውሳሉ። ይቺ መኪና በምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊ በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 አሸንፋለች። ፈረንሳይ መሥራቱን ካቆመች ከብዙ ዘመን በኋላም የሐረርን ጠባብ ቁልቁለት ታክሲ ሆና ስትወጣና ስትወርድ ኖራለች። ለምን? ከእርስዋ የሚያምር መኪና ጠፍቶ አይደለም። የሐረር መካኒክ ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታታት ስለ ነበር ነው።

በዚሁ በኬንያ የባሕር ጠረፍ ደግሞ የላሙ አሮጌ ከተማ አለች። ዩኔስኮ በ2001 በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል። ጎዳናዎችዋ ከመጥበባቸው የተነሣ መኪና አይገባባቸውም፤ ሲሚንቶውንም፣ ውሃውንም፣ ሙዝውንም የሚያጓጉዘው አህያ ነው። ከዚህ ሁሉ የተማርነው አንድ ነገር ነው። የሰፈር መጓጓዣ የሚመረጠው በመልኩ አይደለም፤ መንገዱ፣ ሕጉና የሚጠግነው ሰው ናቸው የሚመርጡት።

ጎልፍ ካርት የማን ነበረች?

“የሀብታም መጫወቻ” ለሚሉት ወንድሞቻችን የምንነግራቸው ታሪክ አለን። በ1930ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ሎስ አንጀለስ ከተማ ባለ ሦስት ጎማ የኤሌክትሪክ ጋሪዎች አረጋውያንን ወደ ግሮሰሪ ያመላልሱ ነበር። ዋድሊ የሚባል የቴክሳርካና ሰው ይህን አይቶ አንዷን ገዛና ለጎልፍ መጫወቻ ሜዳ ሞከራት። በሣሩ ላይ ጥሩ አልሄደችለትም ይባላል። እንግዲህ ጎልፍ ካርት ከጎልፍ በፊት የአረጋውያን የገበያ ጋሪ ነበረች ማለት ነው። እኛ ልናደርግ ያሰብነው ወደ መጀመሪያ ሥራዋ መመለስ ነው።

ከዚያ በኋላ ለሃያ ዓመት ያህል በሜዳው ላይ የሚነዱዋት በአብዛኛው መራመድ የማይችሉ ሰዎች ነበሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካ ቤንዚንን በራሽን ስታድል በባትሪ የሚሄዱ ትንንሽ መኪኖችን የሚሠሩ ሰዎች በካሊፎርኒያ ተነሡ። በ1951 በሬድላንድስ ከተማ ማርኬቲር የተባለ ኩባንያ ጎልፍ ካርትን በብዛት መሥራት ጀመረ። የኩባንያውን ስም ልብ በሉ፤ ገበያ ነው የሚሸተው። በ1954 በጆርጂያ ግዛት በኦጋስታ ከተማ ሁለት ወንድማማቾች በአንዲት ክፍል ጋራዥ ኢ-ዚ-ጎ የሚባለውን ኩባንያ ጀመሩ። ክለብ ካር የሚባለውም በ1960ዎቹ ወደዚያው ከተማ ገባ። በሞተር ብስክሌት የምናውቀው ሃርሊ ዴቪድሰን እንኳ ከ1963 እስከ 1982 ጎልፍ ካርት ሠርቷል። ጃፓናዊው ያማሃም በ1970ዎቹ ተከተለ።

ከሜዳው ወጥታ ወደ ሰፈር መመለስዋ ደግሞ ሌላ ምዕራፍ ነው። ከአትላንታ በስተ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ፒችትሪ ሲቲ የምትባል ከተማ አለች፤ የተቋቋመችው በ1959 ነው። በዚህች ከተማ ከመኪና መንገድ የተለየ፣ በዛፎች መካከል የሚሄድ 160 ኪሎ ሜትር ያህል የጎልፍ ካርት መንገድ ተዘርግቷል። ሰው ወደ ሱቅ፣ ተማሪው ወደ ትምህርት ቤት በዚያ ይሄዳል። የአትላንታ ወዳጆቻችን ይህን እያዩ ነው “እንላክላችሁ” ያሉን፤ ቅን ሐሳብ ነው። ነገር ግን እዚያ መጀመሪያ የተሠራው መንገዱ መሆኑን መርሳት የለብንም። የአሜሪካ መንግሥት ራሱ በ1998 ባወጣው ደንብ በሰዓት ከ32 እስከ 40 ኪሎ ሜትር የሚሄዱትን ባለ አራት ጎማ ትንንሽ ተሽከርካሪዎች የፊትና የኋላ መብራት፣ ፍሬቻ፣ መስታወት፣ የእጅ ፍሬንና የደኅንነት ቀበቶ እንዲኖራቸው አስገድዷል። ተራ ጎልፍ ካርት ከዚያ በታች ናት፤ አብዛኛውን ጊዜ በሰዓት ከ19 እስከ 24 ኪሎ ሜትር ነው የምትሄደው።

ከንብ እስከ ባጃጅ

አሁን ወደ ተወዳዳሪዋ እንምጣ። ከጦርነቱ በኋላ ጣልያን ደህይታ፣ ፋብሪካዎችዋ ፈርሰው በነበረበት ጊዜ የፒያጆ ኩባንያ መሐንዲስ ኮራዲኖ ዳስካኒዮ በ1946 ቬስፓን፣ በ1948 ደግሞ ባለ ሦስት ጎማዋን አፔን አወጡ። ሰውየው ከዚያ በፊት የአውሮፕላን መሐንዲስ ነበሩ። ቬስፓ በጣልያንኛ ተርብ፣ አፔ ደግሞ ንብ ማለት ነው። ሕንዳዊው ባጃጅ ኩባንያ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከፒያጆ ፈቃድ አግኝቶ እነዚህኑ መሥራት ጀመረ። ፈቃዱ ሲያበቃ በራሱ ስም ቀጠለ። እኛ የኩባንያውን ስም የተሽከርካሪዋ ስም አድርገን “ባጃጅ” አልናት፤ ኬንያውያን ቱክቱክ ይሏታል። በ2000ዎቹ በአገራችን ከተሞች ሰማያዊዋ ባጃጅ ጋሪውን ከመንገድ አስወጣችው። በሞምባሳም በዚያው ዘመን ቱክቱክ የከተማው መለያ ሆነች።

የባጃጅ ብልጫ ግልጽ ነው። ሹፌሩንና ሦስት ሰው ትይዛለች። ሕጋዊ ታርጋና መድን አላት። መለዋወጫዋ በየሱቁ ይሸጣል፤ የሚጠግናት ልጅም በየጥጉ አለ። ጉድለትዋም ግልጽ ነው። ወለልዋ ለደከመ ጉልበት ከፍ ያለ ነው፤ በር የላትም፤ ድምፅዋ ያደነቁራል፤ በሦስት ጎማ በፍጥነት ስትጠመዘዝ ትገለበጣለች። አንድ አባት ሞክረዋት “በልጅነቴ ጋሪ ላይ እንዲህ አልተንገጫገጭኩም” አሉ። ከሦስት ሰው በላይ ሲጫን ደግሞ ሕግም ይከለክላል፤ በልቅሶ ቀን ሦስት ሰው ብቻ መጫን ምን ያህል ምልልስ እንደሚጠይቅ የዕድሩ ዳኛ ያውቃሉ።

መንገዱን ለካነው

“የቸኮለ አፍሶ ለቀመ” እንዲሉ፣ ዋጋ ከመጠየቃችን በፊት መንገዱን ሄደን አየነው። በኤስቴቱ ውስጥ አምስት የፍጥነት መግቻ ጉብታዎች አሉ። የጎልፍ ካርት ሆድ ከመሬት በአብዛኛው ከአንድ ስንዝር አይበልጥም፤ ጎማዋም ትንሽ ነው። ስለዚህ ከፍ ያለ ጉብታ ላይ ሆድዋ ሊነካ ይችላል። ሁለቱን ጉብታዎች የሰፈሩ አስተዳደር ዝቅ ሊያደርግልን ተስማምቷል። ሁለተኛው ነገር ጭቃው ነው። ናይሮቢ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ረጅሙ ዝናብ፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ አጭሩ ዝናብ ይዘንባል። ከአዳራሹ በስተ ጀርባ ያለው ጥቁር አፈር ዝናብ ሲነካው ጫማ ነው የሚያወልቀው። ወደዚያ ምንም ዓይነት ትንሽ ጎማ አይሄድም፤ ጠጠር መድፋት ግድ ነው።

ሦስተኛው ዋናው መንገድ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ከሰፈሩ ውጭ፣ ትልቁን አስፋልት ተሻግሮ ነው ያለው። በዚያ መንገድ ላይ ማታቱና ከባድ መኪና ይበራል። ተራ ጎልፍ ካርት ለሜዳ የተሠራች ናት። አብዛኛዎቹ ፍሬናቸው የኋላ ጎማ ላይ ብቻ ነው፤ በርና ቀበቶ የላቸውም። በኬንያ በሕዝብ መንገድ ላይ የሚሄድ ተሽከርካሪ መመዝገብና ለሦስተኛ ወገን መድን መግባት አለበት። አዛውንቶቻችንን በእንዲህ ዓይነት ጋሪ አስቀምጠን አስፋልት ላይ ማውጣት ፍቅር አይባልም። ስለዚህ የመጀመሪያው ውሳኔያችን ይህ ሆነ፦ ጎልፍ ካርት ከተገዛች ከኤስቴቱ በር አትወጣም።

ባትሪ ወይስ ቤንዚን?

የቤንዚን ጎልፍ ካርትም አለች፤ ነዳጅ ቀድቶ ወዲያው መሄድ ይቻላል። ነገር ግን ናይሮቢ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ተራ የቤንዚን ሞተር በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳበት ከኃይሉ ስድስተኛውን ያህል ያጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር አይፈልግምና ከፍታ አይገደውም፤ ከቆመበት ዳገት ሲነሣም ጉልበት አለው። ድምፅ ስለሌለው በልቅሶ ቤት ደጃፍ ሲያልፍም አያውክም። የኬንያ መብራት አብዛኛው ከከርሠ ምድር እንፋሎት፣ ከውሃና ከነፋስ የሚገኝ ነው። በአገራችንም ከ2024 ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ በመከልከሉ የባትሪ ነገር የሁላችንም ቤት ወሬ ሆኗል።

ባትሪ ስንል ግን ሁሉም አንድ አይደለም። የተለመደው የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ነው። አንዲት ባለ 48 ቮልት ጎልፍ ካርት በአብዛኛው ስድስት ባለ 8 ቮልት ባትሪ ትይዛለች። አንዱ 28 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን ባትሪው ብቻ ወደ 170 ኪሎ ይመጣል። ይህ ባትሪ በወጉ ከተያዘ ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ያገለግላል። በወጉ መያዝ ማለት ከእያንዳንዱ ቀን ሥራ በኋላ ቻርጅ ማድረግ፣ ከግማሽ በታች እንዲወርድ አለመፍቀድ፣ የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ መጨመርና ውሃውንም ቻርጁ ካለቀ በኋላ መሙላት ነው። የቧንቧ ውሃ የጨመረ ሰው ባትሪውን በገዛ እጁ ቀበረው ማለት ነው። ሊቲየም ባትሪ ደግሞ ቀላል ነው፣ ውሃ አይፈልግም፣ ዕድሜውም እጥፍ ያህል ነው። መጀመሪያ ሲገዙት ግን ውድ ነው። እኛ ባለ ሱቆች እንደምናውቀው የዕቃ ዋጋ መግዣው ብቻ አይደለም፤ ማቆያውም ዋጋ ነው። አሮጌ የእርሳስ ባትሪ ያላት ካርት በርካሽ ብትገኝ በዓመቱ ሌላ ስድስት ባትሪ ታስገዛለች።

ይህን በዓይናችን አይተናል። ስሙን የማንጠቅሰው አንድ ነጋዴ አዲስ ቀለም የተቀባች፣ ወንበርዋ የሚያብረቀርቅ ካርት አሳየን። “እንደ አዲስ ናት” አለ። ከመካከላችን መኪና ሲጠግን የኖረው ጓደኛችን ወንበሩን አንሥቶ ባትሪው ላይ የተመታውን ምልክት አነበበ። በብዙ ባትሪዎች ላይ ፊደሉ ወሩን፣ ቁጥሩ ዓመቱን ያመለክታል። ባትሪዎቹ የሰባት ዓመት ነበሩ። ሁለቱ ውሃቸው ደርቆ ሳህኖቹ ይታዩ ነበር። አመስግነን ወጣን። ሽማግሌዎች በቅሎ ሲገዙ መጀመሪያ ጥርስዋን ነበር የሚያዩት፤ የጎልፍ ካርት ጥርስ ከወንበሩ ሥር ነው።

ከአትላንታ ይላክ ወይስ እዚህ ይገዛ?

የአትላንታ ወዳጆቻችንን ስጦታ በምስጋና ተቀብለን ግን ሦስት ነገር ነግረናቸዋል። አንደኛ፣ የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፤ የኬንያ 240 ቮልት። ቻርጀርዋ ሁለቱንም የማይቀበል ከሆነ እዚህ ስትሰካ በመጀመሪያው ቀን ትቃጠላለች፤ ሌላ ቻርጀር መግዛት ይመጣል። ሁለተኛ፣ እዚያ የሚነዳው በቀኝ፣ መሪውም በግራ ነው፤ እዚህ ተቃራኒው ነው። ኬንያ ለመንገድ የምትመዘግበው ያገለገለ መኪና መሪው በቀኝ የሆነና ከስምንት ዓመት ያልበለጠ ነው። ካርቷ ከግቢ ባትወጣም መሪዋ በግራ መሆኑ ለወደፊቱ በሩን ይዘጋብናል። ሦስተኛ፣ በባሕር ላይ ሳምንታትን ያለ ቻርጅ የቆየ የእርሳስ ባትሪ ደክሞ ነው የሚደርሰው። ለኮንቴይነሩና ለወደቡ የሚወጣው ገንዘብ እዚህ ለአዲስ ባትሪ ቢውል ይሻላል አልናቸው። እነሱም ነገሩን ተረድተው ለመግዣው በገንዘብ ሊያዋጡ ቃል ገብተዋል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን።

እዚህ ናይሮቢ የጎልፍ ሜዳዎች ጥንታዊ ናቸው፤ ሮያል ናይሮቢ ጎልፍ ክለብ የተመሠረተው በ1906 ነው። ሜዳ ባለበት ካርት አለ፤ ካርት ባለበት ደግሞ የሚጠግናት ሰው አለ። ለምርጫችን ከሁሉ የበለጠ ክብደት ያለው ይህ ነው። ባትሪው ሲሞት፣ የፍሬን ገመዱ ሲላላ ስልክ የምንደውልለት ሰው እዚሁ ከተማ ውስጥ መኖር አለበት።

ስለ ልጆችና ስለ ደኅንነት

ይህን ክፍል እናቶች ጨክነው እንዲያነቡት እንለምናለን። ጎልፍ ካርት ቀስ ብላ ስለምትሄድ አደጋ የላትም ማለት አይደለም። በአሜሪካ በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በጎልፍ ካርት ምክንያት ተጎድተው ወደ ሐኪም ቤት ይሄዳሉ፤ ከእነሱም ብዙዎቹ ልጆች ናቸው። አደጋው በአብዛኛው ግጭት አይደለም። ድንገት ስትጠመዘዝ ሰው ከጎን ተንሸራትቶ ይወድቃል፤ ቁልቁለት ላይ ስትፈጥን ትገለበጣለች። ወደ ኋላ የዞረው የኋላ ወንበር በተለይ ለልጅ አይሆንም፤ ስትነሣ ሰውን ወደ ፊት ይወረውራል። እኛ ያለን ቁልቁለት 600 ሜትር ያህል ስለ ሆነ ይህ ነገር የወረቀት ወሬ አይደለም። ስለዚህ ቀበቶና የጎን መያዣ ብረት ይገጠምላታል፤ ፍጥነትዋም በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ላይ ይታሰራል። ቁልፉ በዕድሩ ዳኛ ቤት ያድራል። ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ፣ የማንም ልጅ ይሁን፣ መሪ አይጨብጥም። የኮሚቴ አባል ልጅም ቢሆን እንዲሁ ነው።

ለጉባኤው የምናቀርበው ሐሳብ

ታሪኩንም መንገዱንም ካየን በኋላ ሐሳባችን እንደሚከተለው ነው። በኤስቴቱ ውስጥ ለሚደረገው ምልልስ አንዲት ባለ ስድስት መቀመጫ፣ ሁሉም ወንበሮችዋ ወደ ፊት የሚያዩ፣ መሪዋ በቀኝ የሆነ፣ ባለ 48 ቮልት የኤሌክትሪክ ጎልፍ ካርት እዚሁ ናይሮቢ ትገዛ። አቅም ከፈቀደ በሊቲየም፣ ካልፈቀደ ደግሞ አዲስ በሆነ የእርሳስ ባትሪ ትሁን፤ ባገለገለ ባትሪ ግን በምንም ምክንያት አትሁን። ከመግዛታችን በፊት ስድስት ሰው ጭነን ዳገቱን ሦስት ጊዜ እንወጣለን። በሦስተኛው ከደከመች አንገዛትም።

ወደ ቤተ ክርስቲያንና ወደ ሐኪም ቤት ለሚደረገው ጉዞ ደግሞ ከታወቁ ሁለት የቱክቱክ ሹፌሮች ጋር በወር ሒሳብ እንዋዋል። ታርጋው፣ መድኑና ጥገናው የእነሱ ነው፤ እኛ የምንከፍለው ለጉዞው ብቻ ይሆናል። በዚህ መንገድ ሁለቱም ተሽከርካሪዎች የሚያውቁትን ሥራ ይሠራሉ።

የመጨረሻው ነገር ነጂው ነው። ማሽን ብቻውን ሰው አያመላልስም። ከወጣቶቻችን አሥራ ሁለት ልጆች በተራ ሊነዱ ተመዝግበዋል። እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ በዕድር ቀን፣ ልቅሶ ሲሆን ደግሞ በማንኛውም ሰዓት። በስማቸው ላይ ስም ያልጻፈ ወጣት ካለ ዝርዝሩ በእኛ ሱቆች ተለጥፏል። የሚነዳው ልጅ ከሹፌርነት ሌላ ትርፍ አለው። ከፊት ወንበር የሚቀመጡት እማማና አባባ ይህን ማኅበር በምን ጭንቅ እንዳቋቋሙት ከበሩ እስከ አዳራሹ ባለው 900 ሜትር ውስጥ ይነግሩታል። እኛም ከሃያ አምስት ዓመት በፊት የሰማነው እንዲሁ፣ ድንኳን ተሸክመን አብረናቸው ስንወጣ ነበር።

“ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” ነውና ለዚህች ካርት የሚሆነውን መዋጮ እያንዳንዱ ቤተሰብ እንደ አቅሙ እስከሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ድረስ ለገንዘብ ያዡ እንዲያስረክብ በትሕትና እንጠይቃለን። የመሥራቾቻችን ስም ሲጠራ “አለሁ” የሚለውን ድምፅ እንደ ገና በአዳራሻችን እንድንሰማ ፈጣሪ ይርዳን። መልካም የኢዮቤልዩ በዓል ይሁንላችሁ።